የነፍስ አባት ልቡ ወደ ቆሰለ ሰው ሲጠራ



ከሰሜን ወሎ አንዲት እናት የላኩልን ደብዳቤ በሁለት መስመር መልስ የሚሸኝ ሆኖ ስላላገኘነው፣ የዚህን ወር ገጻችንን ለእርሱ ሰጥተነዋል። እኒህ እናት እንደሚጽፉት፣ በ2015 ዓ.ም. ከጦር ግንባር በሕይወት የተመለሰላቸው ልጃቸው ሌሊት አይተኛም። ሲደክመውም ጫማውን ሳያወልቅ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበር ሰጥቶ ተቀምጦ ያንቀላፋል። በር በኃይል ሲዘጋ ከመሬት ይወድቃል። በጥምቀት ዕለት ለበዓሉ ክብር ጥይት ሲተኰስ ጠፍቶ ሲፈለግ፣ ጓዳ ውስጥ ከእህል ጎታው ጀርባ ተገኘ። ቀድሞ በማኅበሩ ፊት ከበሮ የሚመታ የነበረው ልጅ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ጥቂት ቆሞ ይመለሳል። የነፍስ አባታቸው ተጠርተው መጡ፤ ነገሩንም ገና ሰምተው ሳይጨርሱ፣ «መንፈስ ነው፤ 7 ቀን ጹምና ተጠመቅ» ብለው ሄዱ። ልጁም ታዘዘ፤ ጾመ፤ ተጠመቀ፤ እንደ ሄደም ተመለሰ። አሁን የሚለው፣ «ጠበሉ እንኳ እንቢ ያለኝ እኔ ምን ብሆን ነው?» የሚል ነው። እናቲቱ የሚጠይቁን፣ እንዲህ ላለው ሰው ከነፍስ አባት ምን መጠበቅ እንደሚገባ እንድንነግራቸው ነው።

ጥያቄው የእኒህ እናት ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ያውቀዋል። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት እስኪገታ ድረስ በትግራይ፣ በዐማራና በአፋር ያናወጠው ቤት ብዙ ነው። በትግራይ የብዙ ተዋጊዎች ሞት ለቤተ ሰቦቻቸው በይፋ የተነገረው ከስምምነቱ በኋላ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነበር፤ የሦስት ቀን ሐዘንም ከጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ታወጀ። በዐማራ ክልል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሌላ ውጊያ ተነሣ። እንግዲህ በእኛ ቤቶች ልቡ የቆሰለ ሰው ብዙውን ጊዜ ሐኪም ከማየቱ አስቀድሞ የሚያየው ካህን ነው። ካህኑም በዚያች በመጀመሪያዪቱ ሰዓት የሚናገረው ቃል፣ ይልቁንም ከመናገር የሚታገሠው ቃል፣ ለሰውየው እጅግ ከባድ ዋጋ አለው።

በአውሮፓና በአሜሪካ በሠራዊቱ፣ በሆስፒታሉና በወህኒ ቤቱ ለዚህ ሥራ ተለይቶ የሚመደብ ካህን አለ፤ «ቻፕለን» ይሉታል። በውጭ አገር ሆስፒታል ተኝተው የሚያውቁ ወገኖቻችን አይተውታል። ይህ ሰው ስለ ሥራው የተለየ ሥልጠና ይቀበላል፤ ነገር ግን ወደ በሽተኛው የሚቀርበው በጭንቁ ቀን ብቻ ሲሆን ከዚያ በፊት አያውቀውም። የእኛ የነፍስ አባት የቤቱን አባት አጋብቷል፤ ልጆቹን አጥምቋል፤ አያቲቱን ቀብሯል። ሥልጠናውን ማግኘት የሚቻል ነገር ነው፤ ትውውቁን ግን ማንም በትምህርት ቤት አያገኘውም። ስለዚህ የጎደለውን ለመሙላት የምንቸገር አይመስለንም፤ የጎደለውም አብዛኛው በራሳችን መጻሕፍት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

በመጽሐፈ ነገሥት የነቢዩን የኤልያስን ታሪክ እናስታውስ። ኤልዛቤል ልትገድለው በዛተችበት ጊዜ ኤልያስ ሸሸ፤ ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍም በታች ተቀምጦ እንዲሞት ለመነ። ሰማይን በጸሎት የዘጋና የከፈተ ነቢይ ሞትን ሲለምን ያየ ካህን፣ «እምነት ያለው ሰው እንዲህ አይሆንም» ብሎ ለመናገር አይደፍርም። እግዚአብሔርስ ምን አደረገ? አልገሠጸውም፤ ስለ ኃጢአቱም አልጠየቀውም። እንዲተኛ ተወው። ከዚያም መልአክ መጥቶ በቀስታ ዳሰሰው፤ በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። በላ፤ ጠጣ፤ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ጊዜ መጣና መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ኮሬብ እስኪደርስ ድረስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄደ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ ጥቂት እንቈይ። ኤልያስ ብሶቱን ተናገረ። ጥያቄው እንደገና ሲቀርብለትም ያንኑ ብሶት፣ በዚያው ቃል፣ ደግሞ ተናገረ፤ እግዚአብሔርም «ይህንማ ነግረኸኛል» አላለውም። ልቡ የቆሰለ ሰው አንዱን ነገር አሥር ጊዜ እንደሚደጋግም በቤቱ ያለው ያውቃል። ካህኑ ሰዓቱን እያየ አሥረኛውን ቢያቋርጠው፣ ሰውየው ምናልባት በአሥራ አንደኛው ሊያወጣው የነበረውን ነገር ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል። ደግሞም ጌታ በዐውሎ ነፋሱ፣ በምድር መናወጡና በእሳቱ አለመገኘቱን፣ ከዚያ በኋላ ግን ዝግ ያለ ድምፅ መሰማቱን እናስተውል። ጆሮው በመድፍ ድምፅ ለቆሰለ ወጣት በጩኸት የሚጸለይ ጸሎትና በፊቱ ላይ የሚወረወር ውኃ ምን እንደሚሆንበት ከዚህ መገመት ይቻላል። በመጨረሻም ኤልያስ የሚሠራው ሥራ ተሰጠው፤ ኤልሳዕም ጓደኛ ሆነለት፤ ብቻውን እንዳልቀረና ሌሎች 7,000 ሰዎች እንዳሉም ተነገረው። ሥራና ጓደኛ የመጡት ከእንቅልፉና ከእንጀራው በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

የዛሬ ሊቃውንት በብዙ ድካም የደረሱበት ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ከሁለት የተራድኦ ድርጅቶች ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃላት ይጠቀልለዋል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማየት ማለት አደጋው አልፏልን? የተራበ፣ የቆሰለ፣ ልጁ የጠፋበት አለን? ብሎ መመልከት ነው። ማዳመጥ ሊናገር የወደደውን መስማት፣ ያልወደደውን አለማስገደድ ነው። ማገናኘት ደግሞ ከዘመድ፣ ከሐኪም፣ ከርዳታ ሰጪው ጋር ማቀራረብ ነው። ከዚያ በፊት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙዎች የያዙት ሌላ መንገድ ነበር፤ አደጋ የደረሰበትን ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ አስቀምጠው ያየውንና የተሰማውን ሁሉ ዘርዝሮ እንዲናገር ያደርጉት ነበር። በኋላ በጥንቃቄ ሲመረመር ግን ይህ ሕመሙን እንደማይከላከል፣ አንዳንዶቹንም እንዳባሰባቸው ታወቀ። ይህን መጻፋችን የነፍስ አባት «ንስሐ ግባ፤ ሁሉን አሁኑኑ ንገረኝ» እያለ እንዳያስጨንቅ ነው። ንስሐ ራሱ ሰው በፈቃዱ የሚቀርብበት ምሥጢር እንጂ የምርመራ ክፍል አይደለም።

የኢዮብን ወዳጆችም አንርሳቸው። 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል ሳይናገሩት በቆዩ ጊዜ ሥራቸው መልካም ነበር። አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ማስረዳት ከጀመሩ በኋላ ግን ተበላሸ፤ በመጨረሻም የእግዚአብሔር ቍጣ በእነርሱ ላይ ነደደ። በልቅሶ ቤት፣ «እግዚአብሔር ስለ ወደደው ወሰደው» የሚለውን ቃል ልጇ ትናንት ለሞተባት እናት የሚናገር ካህን ባናይ ደስ ባለን ነበር። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱ ግን አይደለም። አባቶቻችን በመርዶ ሥርዐት ይህን ሳይማሩት ያውቁት ነበር። መርዶ በሌሊት ለአንድ ሰው ብቻውን አይነገርም፤ ማለዳ ጎረቤት ከደጅ ተሰብስቦ፣ የሚደግፋት ሰው ከጐኗ ቆሞ ይነገራል እንጂ። ዛሬ በስልክ የሚደረገው መርዶ ይህን ሁሉ አጥፍቶታል። ካህኑ አስቀድሞ ቢያውቅ፣ ስልኩ ከመደወሉ በፊት በእግሩ ይድረስ።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ልጅዎ ላይ የሚያዩት ነገር በጦርነት፣ በአደጋ ወይም በግፍ ያለፉ ብዙ ሰዎች የሚያገኛቸው ነው። ሰውነታችን አደጋ ሲመጣ የሚያስነሣ የማስጠንቀቂያ ደወል አለው፤ ልብ ይመታል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ እንቅልፍ ይሸሻል። አደጋው ሲያልፍ ደወሉ ዝም ሊል ይገባ ነበር፤ በአንዳንዱ ሰው ግን ዝም አይልም። ሰውየው የበሩን ድምፅ የሚሰማው እንደ ተኵስ ነው፤ ያየው ነገር በሕልሙ ይመለሳል፤ ያን የሚያስታውሰውን ቦታና ሕዝብ የተሰበሰበበትን ስፍራ ይሸሻል። ከአጥር ውጭ ቆሞ መመለሱ ቤተ ክርስቲያንን መጥላት ላይሆን ይችላል። ብዙዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየተረጋጉ ይሄዳሉ፤ ከአንድ ወር ሲያልፍና ሥራውንና ኑሮውን ሲያሰናክለው ግን ሐኪም ሊያየው የሚገባ ሕመም ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለዚህ ሕመም የራሱን ስም በመዝገቡ የሰጠው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ድኅረ አደጋ የጭንቀት ሕመም እንበለው። በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም የሚረዳ ነው። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን የቆመ ነው፤ በሌሎች ብዙ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

ጠበልን ልናቃልል እንዳልሆነ የምናገለግልበት ገጽ ይመሰክርልናል። ነገር ግን ሌሊት ሁሉ ያልተኛን ሰው 7 ቀን ማስራብ፣ መልአኩ ለኤልያስ ካደረገው ተቃራኒ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም። ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን በግልጥ መናገራቸውን ያስታውስ። ለልብ ቁስል መድኃኒትም ያው ነው። በሰንሰለት ማሰርን በተመለከተ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ እንበል፤ ታስሮ የተደበደበን ሰው በጠበል ቦታ እንደገና ማሰር ወደዚያው እስር ቤት መመለስ ነው። «ጠበሉ እንቢ አለኝ» ለሚለው ልጅዎም የነፍስ አባቱ ራሳቸው መጥተው፣ ሕመም እንጂ መጣል እንዳልሆነ ቢነግሩት፣ ከእኛ መቶ ገጽ የእርሳቸው አንድ ቃል ይበልጥበታል። ይህን እንዲሉለት በግልጥ ይለምኗቸው፤ ወደ ሐኪም ሲሄድም አብረውት ቢሄዱ፣ በመንደሩ ፊት የሚያሳፍረው ነገር ይቀልለታል።

ከተኵሱ ድምፅ ይልቅ ራሱ ያደረገው ነገር የሚያስጨንቀው ወታደርም አለ። ሐኪሙ እንቅልፉን ሊመልስለት ይችላል፤ «እጄ ደም አለበት» ለሚለው ግን የሚጠበቀው ካህኑ ነው። ሁለት የማይበጁ መልሶች አሉ። አንዱ «ለአገርህ ነውና ምንም አይደለም» የሚል ነው፤ ሰውየው ምንም እንዳልሆነ ቢያምን ኖሮ ባልመጣ ነበር። ሁለተኛው ነፍሰ ገዳይ ብሎ ማባረር ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ለኢቆንዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ለአምፊሎክዮስ በጻፈው መልእክት ከሁለቱም ሸሽቷል። ከእርሱ በፊት የነበሩት አባቶች በጦር ሜዳ የተደረገውን መግደል እንደ ነፍስ ግድያ አለመቍጠራቸውን ተቀብሎ፣ ሆኖም እንዲህ ያሉ ሰዎች 3 ዓመት ከቍርባን ቢታገሡ መልካም ሳይሆን አይቀርም ብሎ መከረ። ዛሬ ዓመቱን ቈጥሮ መስጠት የነፍስ አባት ሥልጣን ነው፤ እኛ የምናደንቀው አካሄዱን ነው። ሸክሙ እውነተኛ መሆኑን ያምንለታል፤ መጨረሻ ያለው ቀኖናም ይሰጠዋል። መጨረሻ ያለው ነገር የሚሸከሙት ነው።

በግፍ ለተደፈረች ሴት ግን ቀኖና የሚባል ነገር አይነሣም። ይኸው ቅዱስ ባስልዮስ ለዚያው ኤጲስ ቆጶስ በጻፈው ሌላ መልእክት፣ በኃይል የተደረገባት ሴት በደል የለባትም ብሎ ወስኗል። ኃጢአት የሠራና ኃጢአት የተሠራበት አንድ አይደሉም። ካህኑ ይህን ለእርሷ ብቻ ሳይሆን ለባሏና ለአባቷ ይንገር፤ ብዙውን ጊዜ ትምህርቱ የሚያስፈልገው ለእነርሱ ነውና። ደግሞም አንድ ቍጥር በልቡ ይያዝ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚረዳት በ72 ሰዓት ውስጥ ከጀመረች ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ወደ እርሱ ብትመጣ፣ ጸሎቱን አሳጥሮ ወደ ሆስፒታል የሚያደርሳትን ሴት ዘመድ ይፈልግላት። ያየውን ለማንም አያውራ።

ከሁሉ የሚያስፈራውን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ልቡ የቆሰለ ሰው ራሱን ለማጥፋት ሊያስብ ይችላል። ካህኑ ስለዚህ ነገር ቢጠይቅ ሐሳቡን የሚያስገባበት የሚመስለው ብዙ ነው፤ ይህ እንዳልሆነ ግን በሚገባ ታውቋል። «ልጄ፣ መሞት ያሰኝሃልን? በምን ልታደርገው አሰብህ?» ብሎ በዝግታ መጠየቅ ሰውየውን ያሳርፈዋል፤ ብቻውን ይዞት የነበረውን ነገር የሚካፈለው አገኘና። አዎን ካለ ብቻውን አይተውት፤ ጠመንጃውንና የእርሻ መርዙን ከቤቱ ያርቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ያድርሱት። የንስሐ ምሥጢር የማይወጣ ነው፤ ነገር ግን ካህኑ ንስሐውን ጨርሶ «ይህን ለእናትህ አብረን እንንገር» ብሎ ፈቃዱን ቢለምን፣ አብዛኛው ሰው እሺ ይላል። የሲኦል ማስፈራሪያ በዚህ ሰዓት አይረዳም፤ ቀድሞውኑ በሲኦል ያለ ይመስለዋልና። ራሱን አጥፍቶ ለተገኘ ሰው ፍትሐት መከልከሉን የሚያስቡ ቤተ ሰቦች ደግሞ፣ በዚያው በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ጢሞቴዎስ ስለዚህ ተጠይቆ፣ ካህኑ ሰውየው አእምሮውን ስቶ እንደ ነበረ አጥብቆ ይመርምር ብሎ መመለሱን ይወቁ። እንዲህ ከሆነ ጸሎት አይከለከልም።

በቤት ውስጥ የሚደረገው ጥቂትና ቀላል ነው። የተኛውን ሰው በእጅ ነክቶ ከመቀስቀስ ራቅ ብሎ በስሙ መጥራት ይሻላል። በበዓል ጥይት እንደሚተኰስ አስቀድሞ ይነገረው፤ ቢቻልማ የዚያ ሰፈር ሽማግሎች ተኵሱን ቢያስቀሩት ታቦቱ አይቀየምም። በቅዳሴ ጊዜ መውጣት ሲያሻው እንዲወጣ በበሩ አጠገብ ይቁም። ቡና ሲፈላ ይጠራ፤ ባይናገርም ይቀመጥ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውን አባባል በዚያ ቤት ባይሰማ እንወድዳለን።

ይህን ሁሉ ከነፍስ አባት ስንጠይቅ፣ እርሱ ራሱ ማን እንዳለው መጠየቅ ይገባናል። በጦርነቱ ወራት የደብሩን ሰዎች በአንድ ቀን የቀበረ፣ ንዋያተ ቅድሳቱን ተሸክሞ ጫካ ያደረ ካህን ብዙ ነው፤ ማልዶ ደግሞ ሌላውን ሊያጽናና ይጠራል። በአሜሪካ የቤተ እምነቱ ከእኛ የተለየ አንቶን ቦይሰን የሚባል ሰባኪ ነበር። በ1920 እ.ኤ.አ. አእምሮው ተናውጦ ከአንድ ዓመት በላይ በሆስፒታል ተኛ፤ ከዳነ በኋላ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር በዉስተር ከተማ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አገልጋይ ሆነ፤ በ1925 እ.ኤ.አ. ደግሞ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ወደዚያ እያመጣ በሽተኞችን አጠገባቸው ተቀምጠው እንዲያውቋቸው አደረገ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚሠራበት የካህናት ሥልጠና ከእርሱ ሥራ የተነሣ ነው። የእኛም የአብነትና የካህናት ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች የሐኪም አንድ ሳምንት ትምህርት ቢጨምሩ ደቀ መዛሙርቱ አይበዛባቸውም። የሰበካ ጉባኤዎችም የደብሩ ካህን በዓመት ጥቂት ሳምንት ወደ ገዳም ሄዶ በራሱ የንስሐ አባት እግር ሥር እንዲቀመጥ ተተኪና ስንቅ ያዘጋጁለት፤ እንቅልፍ የሌለው ካህን መኖሩን በመጀመሪያ የሚያዩት እነርሱ ናቸውና።